ሞተሩ እየሠራ እለፉ

ሰኞ 4

በሬው ዛሬም አልነሳ አለ። በሬው የምንለው የሣር ማጨጃውን ትራክተር ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እያጓራ ሣር ስለሚበላ። እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬ የምነዳው ሰው ነኝ። በዚህ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።

በኋላ ራሴን እንዳላታልል ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ከመማሪያ ክፍሎቹ እስከ መመገቢያ አዳራሹ ያለው ሜዳ፣ መሀሉን ከሚያቋርጠው የሲሚንቶ መንገድ በቀር፣ በሙሉ ሣር ነው። ተማሪዎቹ በቀን ስድስት ጊዜ ያቋርጡታል። ደወል ሲደወል እኔ ባለሁበት ቦታ ሞተሩን አጠፋለሁ። እነሱ ሣሩ ጠርዝ ላይ ቆመው ጸጥታውን ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በነጭ በትራቸው እየዳሰሱ ያልፋሉ። ሞተር ከተሰማ ቁም፤ ጸጥ ካለ እለፍ። አዲስ የገባ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የሚማረው ይህንን ነው። ባለቤቴም ከነሱ ጋር ታቋርጣለች። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ እሷም አታይም።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ደወል አጠፋሁት፤ ልጆቹ አለፉ። ላስነሳው ስል ማስነሻው ሞተሪኖ ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ግን እምቢ። አርባ ደቂቃ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳ። ሁለት ዙር እንዳጨድኩ ደግሞ አራተኛው ደወል ተደወለ።

ረቡዕ 6

ቤንዚኑን ደፍቼ አዲስ ሞላሁ። የአየር ማጣሪያውን አጸዳሁ። ባትሪውን ቻርጅ አደረግኩ። ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ ቀየርኩ። ጠዋት ገና ስነካው ተነሳ። ከሁለተኛው ደወል በኋላ ያው በሽታው።

ከዘበኛው ጋር እየገፋን መጋዘን አስገባነው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ ወገቤ ተቆረጠ። እዚያ ካንዴላውን ፈትቼ፣ ከብረቱ ጋር አስነክቼ ሞተሪኖውን ባዞረው እሳቱ ቦግ ይላል። ሰማያዊ፣ ጤነኛ እሳት። መልሼ ሳስረው ተነሳ። ዘበኛው "ሥራ ጠልቶ ነው እንጂ አልታመመም" አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ሐሙስ 7

መካኒኩ ዘንድ በጭነት መኪና ጭነን ወሰድነው። ገና ሲነካው ተነሳ። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርሱ እንደሚተው ጥርስ ሕመም ማለት ነው። እዚያው እንዲያሞቀው ለመንኩት፤ ሦስት ደቂቃ አሠርቶ አጠፋና እንደገና አስነሳው። "አባት፣ ይሄ ከኔ መኪና ይሻላል" አለ። ሦስት ደቂቃ ምን ያሞቀዋል? ይህን ልነግረው ስል ወደ ሌላ መኪና ሥር ገባ። አባት ብሎ መጥራቱም አናዶኛል። ገና ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው።

ቅዳሜ 9

ይህን ሳምንት ዝናቡ አላቆመም። ሣሩ ዓይኔ እያየ ያድጋል። የሲሚንቶው መንገድ ጠርዝ ስለተሸፈነ ልጆቹ በበትር ሲፈልጉት አያገኙትም። ትናንት አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ስቶ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ።

ዳይሬክተሯ አስጠራችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሣር የሚያጭድ ድርጅት ከውጭ ለመቅጠር እያሰበች መሆኑን ነገረችኝና "እርስዎም ትንሽ ያርፋሉ" አለችኝ። 

ከውጭ የሚመጣ ሰው ስለ ደወሉ ምን ያውቃል? ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ልጆቹ መሀል ቢገባስ? እኔ የምፈራው ለነሱ ነው። ለራሴ ቢሆን ኖሮ ዕረፍቱን ማን ይጠላል።

ሰኞ 11

አላጠፋሁትም።

ሦስተኛው ደወል ሲደወል ግማሹን ሜዳ እንኳ አልጨረስኩም ነበር። ካጠፋሁት እስከ ምሳ እንደማይነሳ አውቃለሁ። ስለዚህ ምላጩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን እጀታ ወደ ታች መለስኩ፤ ነዳጁን ቀንሼ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ተውኩት። ባለሁበት ቆሞ ያጉረመርማል፤ ምላጩ አይዞርም፤ ማንንም አይነካም።

ሰማንያ ሰባት ልጅ ጠርዙ ላይ ተሰልፎ ቆመ። ጸጥታውን ይጠብቃሉ፤ ጸጥታ ግን የለም። ከኋላ ያሉት መግፋት ጀመሩ። ቆሜያለሁና እለፉ ብዬ ተጣራሁ። አንድም እግር አልተነሳም። ከትልልቆቹ አንዱ "ጋሼ፣ በሬው አልጠፋም እኮ" አለኝ፣ የረሳሁት መስሎት።

ያን ጊዜ ያልኩትን እንዳለ ልጻፈው። "ሲያጉረመርም ቆሜያለሁ ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ እለፉ፤ የምትቆሙት ሲያገሳ ብቻ ነው" አልኳቸው።

ለምንዬ "ለምን?" አለች። ይህች ዘንድሮ የገባች የአንደኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ስሟን ያወጣላት ይኸው ጥያቄዋ ነው። እኔ ስለማያችሁ አልኳት። ትልቁ ልጅ ቀድሞ ገባ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ከመጨረሻው ልጅ በኋላ ነዳጅ ሰጥቼው ማጨዴን ቀጠልኩ። 

ማክሰኞ 12

ወንበሩ ሥር አንዲት ማጥፊያ አለች። ነጂው ከወንበሩ ሲነሳ ሞተሩን ቀጥ ታደርገዋለች፤ ሰው ወርዶ እጁን ምላጩ ሥር እንዳይከት። በሬው አዲስ የመጣ ቀን ባለቤቴን ላዩ ላይ አስቀምጬ ስለዚህች ማጥፊያ አፌን ሞልቼ አስረድቻታለሁ።

አሁን ግን እርጥብ ሣር ምላጩ ሥር ሲጠቀጠቅ ወርጄ ማውጣት አለብኝ። ከወረድኩ ይጠፋል፤ ከጠፋ አይነሳም። የማጥፊያዋን ሁለት ሽቦዎች አገናኘኋቸው፤ አሁን ብወርድም አይጠፋም። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በሽታው እስኪገኝ ድረስ ብቻ።

ዓርብ 15

ሜዳውን በሙሉ ጨረስኩ። የመንገዱ ጠርዝ ወጥቷል። ዳይሬክተሯ በሰው ፊት አመሰገነችኝ።

ልጆቹ አሁን አይቆሙም። ደወል፣ ጉርምርምታ፣ ማለፍ። በአራት ቀን ለመዱት። እንዲያውም ትንንሾቹ ወደ ድምፁ ጠጋ ብለው ማለፍ ጀምረዋል፤ ጋሼ እዚያ አለ እያሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እሑድ 17

ከምሳ በኋላ ባለቤቴ የተማሪ ፈተና በጣቷ እያነበበች ታርማለች፤ እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እጽፋለሁ። የብዕሬን ድምፅ ትሰማለች። ሰሞኑን ምን እንደዚህ እንደሚያጽፈኝ ጠየቀችኝ። የበሬው የጥገና መዝገብ ነው አልኳት። ውሸት አይደለም። ግን የማታነብበውን ነገር አጠገቧ ተቀምጦ መጻፍ ከኋላዋ እንደማውራት ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አድርጌው አላውቅም።

ትንሽ ቆይታ "በዚህ ሳምንት በደወል ስታጠፋው አልሰማሁም" አለችኝ።

ዳይሬክተሯ ታውቃለች አልኳት። ይህኛው ውሸት ነው።

"እሺ" አለች። ይህችን እሺ አውቃታለሁ። ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጣት የምትለው ነው። አትቆጣም፤ አታርምም፤ ራሱ እስኪያገኘው ድረስ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። የተማሪዎቿን ጭንቀት ዛሬ ገባኝ።

ረቡዕ 20

ልቤ እስካሁን ቦታው አልገባም።

ከአራተኛው ደወል በፊት ነው። ሣር ጠቅጥቆት ወረድኩ፤ አወጣሁ፤ የወጣውን አቅፌ ሜዳው ዳር ወዳለው ቦይ ሄድኩ። አሥር እርምጃ ብሆን ነው። ከኋላዬ የሞተሩ ድምፅ ከበደ። ዞር ስል እጀታው በራሱ፣ በንዝረቱ ብቻ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጥቷል። ምላጩን የሚያዞረው ቺንጊያ ተወጥሯል። ምላጩ እየዞረ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ማንም የለም።

ሮጬ መለስኩት። ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ማንም አላየኝም። እንዲህ ብዬ ማሰቤ ራሱ! በዚህ ግቢ እኮ ከሰባት ስምንት ሰው በቀር የሚያይ የለም። የቱን ያህል ብቀል ነው በነሱ አለማየት የተጽናናሁት?

እጄን ከምላጩ ሥር ካወጣሁ አንድ ደቂቃ አልሞላውም ነበር።

ሐሙስ 21

እጀታውን በጎማ ቁራጭ አሰርኩት። ጎትቼ ሞከርኩት፤ አይነቃነቅም። በቃ።

ለዳይሬክተሯ ልናገር ቢሮዋ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ስብሰባ ላይ ናት አሉኝ። ስብሰባ ላይ በመሆኗ ቀለል አለኝ። ይህንንም ልጻፈው።

ቅዳሜ 23

ባለቤቴ ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ። ደህና ናት። እጇም እግሯም ደህና ነው።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው። ትምህርት ጨርሳ አብረን ወደ ቤት እንድንሄድ ወደ እኔ መጣች። እኔ ቦዩ ጋ ሣር እየደፋሁ ነበር። በሬውን ሚኒሞ ላይ ትቼዋለሁ። የጎማው ቁራጭ በዝናብ ርሶ ተለጥጧል፤ ይህን ያየሁት በኋላ ነው። ድምፁ ሲከብድ ቀና አልኩ። እሷ ቀጥ ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ ወደ ድምፁ ትመጣለች። አራት እርምጃ ቀርቷታል።

ልጮኽ አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ተያያዘ። በሕልም እንኳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ስሟ ጠፋብኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ሚስቴ ስም። እየሮጥኩ ነው፤ ግን እግሬ ጭቃ ውስጥ ነው። በትሯ የምላጩ ሽፋን ሥር ገባ፤ ቀው አለና ከእጇ ተነጠቀ። ቁራጩ ከጆሮዋ አጠገብ አልፎ ሄደ።

ደርሼ አጠፋሁት።

እሷ አልጮኸችም። ባዶ እጇን እንደዘረጋች ቆማ ነበር።  የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

"ላዩ ላይ አልነበርክም።"

 ከተነሳሁ እንደሚጠፋ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። በክንዴ ይዣት ቤት ገባን። መንገዱን ሙሉ እኔ ነበርኩ የምደናቀፈው።

ሽቦውን ፈትቼ መለስኩት። ዝናብ ሳያባራ፣ ሳላመሽ።

እሑድ 24

ጎረቤታችን የቋንቋ አስተማሪው በትሯ ምን እንደሆነ ሲጠይቃት የቦይ ፍርግርግ ውስጥ ተሰንቅሮ ተሰበረ አለችው። ድምፅዋ አልተለወጠም። እሱ ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

"አንድ ጊዜ ዋሽቼልሃለሁ። ሁለተኛ አትጠብቅ" አለችኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ማለቴ ስለ ሞተሩ ሁሉንም። እንደ ተማሪ ጥያቄ በጥያቄ አስኬደችኝ። መቼ ይነሳል፣ መቼ አይነሳም፣ ምን መረመርክ፣ የት መረመርክ። ካንዴላውን መጋዘን ወስጄ እንደፈተሽኩት ስነግራት አስቆመችኝ። እስከ መጋዘን ስንት ደቂቃ ይፈጃል አለች። ሠላሳ አልኳት።

"ታዲያ የመረመርከው ሲታመም ነው ሲድን?"

እንዲህ ቀላል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያከምኩት ጤነኛውን ሞተር ነበር። መካኒኩም እንደዚያው። እሷ ግን አልሳቀችም።

ማክሰኞ 26

ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሳሉ፣ ሜዳው መሀል። አንድ ሰዓት አሠራሁት። አጠፋሁት። አልነሳም። እዚያው፣ ትኩስ እንደሆነ፣ ጣቴ እየተለበለበ ካንዴላውን ፈታሁ። ሞተሪኖውን አዞርኩ።

እሳት የለም። ጨለማ።

ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ ለካንዴላው እሳት የሚልከው ኮይል ላይ ብቻ ጠመጠምኩ። ጥቂት ደቂቃ። እሳቱ መጣ። ሲሞቅ ኮይሉ ውስጥ የሆነች ቀጭን ሽቦ ትላቀቃለች፤ ሲቀዘቅዝ ትገጥማለች። በዓይን አትታይም። ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከደስታ ይሁን ከድንጋጤ አላውቅም።

ሐሙስ 28

መካኒኩ አዲስ ኮይል አምጥቶ ገጠመው። አሮጌውን እያገላበጠ "ደህና ነገር ይመስላል እኮ" አለ። የእጀታውንም ሞላ ቀየረልኝ፤ አሁን በራሱ አይወጣም።

ቅዳሜ 30

ዘጠኝ ጊዜ አጠፋሁት፤ ዘጠኝ ጊዜ ተነሳ። ትኩስ፣ ለብ ያለ፣ የጋለ፣ ሁሉንም ሞከርኩ። ተገላገልኩ። ከሰኞ ጀምሮ እንደ ጥንቱ በደወል አጠፋለሁ፤ ሰው ሳያውቅ የመጣው ነገር ሰው ሳያውቅ ይሄዳል።

ባለቤቴ ስነግራት "ልጆቹስ?" አለች። ልጆቹ ምን አሉ? ደህና ናቸው። ማንም አልተነካም። ሞተሩ ተሠራ፤ ሽቦው ተመለሰ። ካሁን በኋላ ተናግሬ ሰውን ማስደንገጥ ምን ይጠቅማል?

"እሺ" አለች።

ሰኞ 2

አዲስ ወር። ስድስት ደወል፣ ስድስት ጊዜ ጸጥታ። ትልልቆቹ አስተውለው "በሬው ተኛ" ብለው ሳቁ። አለፉ። ከትንንሾቹ አንዳንዶቹ ትንሽ ተወዛገቡ፤ ድምፁን የት እንዳለ እየፈለጉ ይመስላል። ቆይተው እነሱም አለፉ። ምንም አላልኳቸውም።

ማክሰኞ 3

የዱቄት መኪናው ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል። ማእድ ቤቱ ጀርባ ቆሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ያራግፋል።

ለምንዬ ከመማሪያ ክፍል ወጣች። ሞተር ሲያጉረመርም ሰማች። ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች፤ ከኋላው ልታልፍ። ሾፌሩ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ።

ወጥ ቤቷ ጮኸች። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። የኋላው ብረት ደረቷን ገፍቶ ጥሏታል። ክርኗ ደምቷል፤ ሌላ የለም። ሌላ ምንም የለም ብላለች ነርሷ። እኔ ስደርስ ሾፌሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ሁሉም በአንድ አፍ ይጠይቃታል፤ ሞተር እየሰማሽ እንዴት ትሄጃለሽ?

"እየሠራ እለፉ ተብሏል" አለች።

ማን እንዳላት ጠየቋት። ጋሼ አለች። ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ልጅቷን በአዘኔታ አዩዋት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በደወል ሞተር የሚያጠፋ ሰው እንዲህ ይላል ብሎ ማን ያምናል? ደንግጣ ነው፣ ትቀባዥራለች አሉ።

ዝም አልኩ።

ረቡዕ 4

የአስተማሪዎች ስብሰባ። እኔንም ጠሩኝ፤ ስለ ሜዳው ስለማውቅ።

ለምንዬ ለብቻዋ ለመንቀሳቀስ ገና አልደረሰችም ተባለ። ለራሷ ደኅንነት ለአንድ ዓመት ወደ ቤቷ ትመለስ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትፈተን። አባቷ ነገ መጥቶ ይወስዳታል። ዳይሬክተሯ ስታነብበው ድምፅዋ ከብዷት ነበር። ከልጅቷ መንደር አጠገብ ሌላ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የለም። የሄደ ልጅ ስንቱ እንደተመለሰ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በአክብሮት፣ "እርስዎ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ወደ ሞተር ድምፅ የሚሄድ ልጅ አይተው ያውቃሉ?" አለችኝ።

"አላየሁም" አልኩ።

ትንንሾቹ ወደ ድምፁ ጠጋ ብለው ያልፋሉ ብዬ በገዛ እጄ የጻፍኩት ከጥቂት ገጾች በፊት ነው።

ባለቤቴ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ነበር። የጠየቃት ስላልነበረ አልዋሸችም። ወደ ድምፄ ፊቷን አዞረች፤ እዚያው አቆየችው። ሌላ ሰው ቢሆን ያየኛል እላለሁ።

እሷ መናገር ትችል ነበር። ለምን እንዳልተናገረች ገብቶኛል፤ ባይገባኝ ደስ ባለኝ።  ሥራዬን እፈራለሁ። ስሜን እፈራለሁ። ከሁሉም የምፈራው ግን ነገ ጠዋት ያ አባት ሻንጣዋን ሲያነሳ እኔ በር ላይ ቆሜ ደህና ሂዱ ስል ነው። እንደማደርገው ይታየኛል። ራሴን አውቀዋለሁ።

ሐሙስ 5

አባትየው ማልዶ ደረሰ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው። ልጅቷ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ለምን እንደምትሄድ ትጠይቀዋለች፤ እሱ ደግሞ እስክታድጊ ነው ይላታል። ጥፋቷን አምኗል። ለዘበኛው ስለ ልጄ ይቅርታ ሲል ሰማሁት። ይቅርታ ጠየቀ። እሱ።

ከዚያ በኋላ ቢሮው ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። አላንኳኳሁም። ለዳይሬክተሯ ልጅቷ እውነቷን ነው አልኳት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ተናገርኩ፤ ደወሉን፣ ሽቦውን፣ እጀታውን፣ የባለቤቴን በትር። ትናንት አላየሁም ያልኩትንም። መሀል ላይ ሳልጠየቅ ተቀመጥኩ።

 ስንት ልጅ እንደዚህ አስተማርክ አለችኝ። አንተ አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ሁሉንም።"

ራሷ በር ድረስ ወርዳ አባትየውን ይቅርታ ጠየቀችው። ልጅቷ ቀረች። እኔን በተመለከተ በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገራለን ተባልኩ። ነገ ግን በምሳ ደወል ሁሉም ልጆች ባሉበት ያጣመምኩትን ራሴ አቀናዋለሁ። ከዚያ በፊት ማንም ሜዳውን ብቻውን አይረግጥም።

ዓርብ 6

ሁለት ዙር አጨድኩ። ደወሉ ሲደወል አጠፋሁት። ጸጥ አለ።

ጠርዙ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ አስተማሪዎቹም አብረው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኳቸው። ያስተማርኳችሁ ሐሰት ነው አልኩ፤ ከስንፍናና ከፍርሃት ያመጣሁት ነው። የማንኛውም ሞተር ድምፅ ሲሰማ፣ ቢያጉረመርምም ቢያገሳም፣ ቁሙ። ለምንዬ ያለችው እውነት ነበር፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ጠፍቷል፤ እለፉ።

ማንም አላለፈም።

ትልቁ ልጅ አላለፈም። ባለቤቴ አዲሱን በትሯን ይዛ እዚያው መሀላቸው ቆማለች፤ እሷም አላለፈችም። ሰማንያ ሰባት ልጅ ጸጥታውን ያዳምጣል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸጥታ እንዲህ አስፈርቶኝ አያውቅም።

ለምንዬ፣ ክርኗ በፋሻ እንደታሰረ፣ "ጋሼ፣ እንደማይነሳ በምን አውቃለሁ?" አለች።

ጠፍቷል እኮ፣ አይሰማሽም አልኳት።

"ያኔም አያችኋለሁ ብለውን ነበር" አለች።

 ትክክል ናት። የእኔ ቃል ከዚህ ጠርዝ አያሻግርም። ቁልፉን ነቅዬ ወረድኩ። እነሱ ድረስ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ረጅም ነበር። መዳፏን ከፍቼ አስቀመጥኩላት። ጥርሱን በጣቷ ዳሰሰችው። ያለዚህ እንደማይነሳ ነገርኳት።

"ሌላ የለም?"

መጋዘን አንድ አለ አልኳት። ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ሄጄ አመጣሁት፤ ሰው ሁሉ ምሳው እየቀዘቀዘ ቆሞ ጠበቀኝ። ሁለተኛውን ባለቤቴ እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ጣቶቿ ጣቴ ላይ ትንሽ ቆዩ።

ከዚያ አለፉ። በትሮቹ ሣሩን ሲመቱ ብቻ ይሰማ ነበር። እኔ ጠርዙ ላይ ቀረሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ቁልፎቹ እነሱ ጋ ናቸው፤ ለማጨድ ስፈልግ ሄጄ እጠይቃለሁ። ነገ ጠዋት ቁልፉን ስጠይቃት ለምንዬ "ለምን?" እንደምትለኝ አውቃለሁ። መልሱን ከአሁኑ እያሰብኩ ነው፤ እንዳልዋሻት ፈርቻለሁ።